አርባውን ጠርሙስ ያጠብኩ ቀን

ጡረታ የወጣሁት በሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ሰበታ ውስጥ ያልሳቀ የለም። አሁን ባጃጅ ነው የምነዳው። ባጃጅ ደግሞ ለኔ ሥራ አይደለም፣ መንቀሳቀስ ነው። ሥራ ማለት ያ ምድር ቤት ነበር። እሱ ካለቀ ጀምሮ ጡረተኛ ነኝ።

ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ነው። ስድስተኛን ጀምሬ ነበር፣ እሷ ናት ያልፈለገችኝ። ፊደል ከገደፍኩ እናንተ አቃኑት።

መጀመሪያ የሠራሁት ሱሉልታ ነው፣ ድንጋይ ጭነት። የመኪናው ሹፌር "ይሄ ልጅ ድንጋዩን ይጭነዋል ወይስ ያወራዋል?" ብሎ በሁለተኛው ወር አባረረኝ። ከዛ ቡራዩ ጠጅ ቤት ገባሁ፣ ብርሌ አጣቢ ሆኜ። እዚህ ጋ ኮፍያ አውልቁልኝ። ከገላን እስከ ቡራዩ እንደኔ ብርሌ የሚያጥብ ሰው አልተፈጠረም! ብርሌ አንገቷ ቀጭን ነው፣ እጅ አይገባባትም። ትንሽ ጠጠር፣ ትንሽ ውሃ፣ ሌላው የእጅ ነገር ነው። እኔ በአንድ እጄ ሁለት ሁለት ነበር የማሾረው። ባለቤቱ ጋሼ በቀለ ጠዋት ጠዋት እያንዳንዷን ብርሌ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ያያሉ። "ብርሌው ካልጠራ ጠጁን ማን ያምነዋል?" ይላሉ። ቆሻሻ የተገኘበት ያን ቀን ምሳ የለውም። እኔ ምሳ ቀርቶብኝ አያውቅም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ጉድ የሠራችኝ እሷ ነች።

ሰበታ የመጣሁት በአጎቴ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ወንዙ ስትወርዱ፣ ትንሽ የወይን ጠጅ ቤት ነበረች። ድሮ አንድ ፈረንጅ ነው ያቋቋማት፤ ሁሉም ሙሴ ነው የሚለው፣ እኔ አልደረስኩበትም። ሲሞት ለሚስቱ ለወይዘሮ አልማዝ ቀረች። እሳቸው አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት፣ በሳምንት አንዴ ብቅ ይላሉ። ደሞዙ? ደሞዙን ተዉት፣ ሳቃችሁን ጨርሳችኋል።

ምድር ቤቱን የሚይዙት ኦቦ ድሪባ ናቸው። የሰበታ ሰው፣ የገበሬ ልጅ፣ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው። ድምፃቸው አይወጣም። እኔ እንደ ሬዲዮ ነኝ፣ እሳቸው እንደ ሬዲዮው ባትሪ፤ ሥራውን የሚሠሩት እሳቸው፣ የምጮኸው እኔ። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ጠርሙሶቹን ነው። ኮፍያቸውን አውልቀው "አካም ቡልታን?" እንዴት አደራችሁ ማለት ነው። እኔን ከዛ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቀን አብደዋል ብዬ ለአጎቴ ስልክ ደወልኩ።

ሌላም ጠባይ ነበራቸው። ወይን በሚቀምሱበት ቀን ሽንኩርት አይበሉም። ሽቶ የተቀባ ሰው በር ላይ ይመለሳል። እኔን በሽቶዬ ሦስቴ መልሰውኛል፣ ሦስተኛው ቀን ልደቴ ነበር። እጄ ሲፈጥን ሁሌ አንድ ቃል ነው ያላቸው፦ "ሱታ፣ ጌቱኮ። ሱታ።" ቀስ በል ማለታቸው ነው። እኔ ስሜ ጌቱ ነው፤ 'ኮ'ዋ "የኔ" ማለት ናት በኦሮምኛ። እናቴ የመናገሻ ልጅ ስለሆነች ቋንቋው ይገባኛል። አባቴ ጎጃሜ ነው። ይሄንንም ያዙልኝ።

ምድር ቤቱ ጥግ ላይ አንድ መደርደሪያ አለ። አርባ ጠርሙስ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ፣ ወረቀት የሌለው፣ በጎኑ የተኛ። ከኔ ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ ቀይ ወይን ነው። መጀመሪያ ስሰማ ግራ ገባኝ። ሰው ምን ቢነካው ነው መጠጥ ሃያ ምናምን ዓመት የሚጠብቀው? እኔ ታክሲ እንኳን አልጠብቅም።

ከገባሁ በአራተኛው ወር ኦቦ ድሪባ ለቅሶ ሄዱ፣ ሁለት ቀን። በዛው ሰሞን ወይዘሮ አልማዝ "ከሆቴል ገዢዎች ይመጣሉ፣ ግቢውን አፅዱ" ብለው ደወሉ። እኔ ደግሞ ሰው የማይለኝን ጭምር የምሠራ ነኝ። ምድር ቤት ገባሁ፤ ያንን መደርደሪያ አየሁት። አቧራ! ሸረሪት! ከላይ ደግሞ እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ነጭ ነጭ ነገር፣ ጠብ ጠብ ያለ። የወፍ ኩስ መሰለኝ። ወፍ በየት ገብታ እንደሆነ እንኳን አላሰብኩም። ጋሼ በቀለ ትዝ አሉኝ። አርባውንም አወጣሁ፣ በግራዋ ቅጠል ፈተግኳቸው፣ በኦሞ ደገምኳቸው፣ እያገላበጥኩ አለቀለቅኳቸው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ያበሩ ነበር! ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ልኬያለሁ። ከዛ በደስታ መልሼ ደረደርኳቸው፣ እንደመጣልኝ።

ኦቦ ድሪባ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሜ ነበር የጠበቅኳቸው፣ ሽልማት እንደሚጠብቅ ሰው።

ገቡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። "አካም..." ብለው አቋረጡ።

"ማነው ያጠበው?" አሉ።

"እኔ ነኛ!"

"ሁሉንም?"

"አርባዋንም ኦቦ! አንድ አላስተረፍኩም! የወፍ ኩሱ ደርቆ እንዴት እንዳስቸገረኝ ብነግሮት!"

በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ቢጮሁብኝ ይሻል ነበር። ጉልበታቸውን ይዘው መሬት መሬት አዩ። "ኩስ አይደለም" አሉ፣ "ኖራ ነው።"

ምልክት ነበር። ሙሴ ያስተማራቸው። ኖራ የነካው ጎን ሁሌ ወደ ላይ ይሆናል፤ ጠርሙሱ ከተነሳም በዛው ጎኑ ይመለሳል፣ ከታች የተኛው አተላ እንዳይነሳ። ያልገባኝ ሌላም ነበር፦ የጭረቱ ቁጥር ዓመቱን ነው የሚናገረው፣ ነጥቡ ደግሞ ማሳውን። ወረቀት በእርጥበት ስለሚበሰብስ መዝገቡ ያ ብቻ ነበር። እኔ መዝገቡን በኦሞ አጠብኩት።

"አንዷ የኔ ነበረች" አሉ። "ሦስት ጭረት፣ አንድ ነጥብ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሴ መጀመሪያ ላይ፣ ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ የወይን ችግኝ ለኦቦ ድሪባ አባት ሰጠ። አባትየው ወንዙ ዳር ድንጋያማ ቁራጭ ማሳ ነበራቸው፣ ጤፍ እንኳን የማይበቅልባት። እዛች ላይ ተከሉት። ሰበታ ብርድ ነው፣ ፍሬው ጎምዛዛ ሆነ፣ ጥርስ ያደነዝዛል። ሰው ሳቀ። ሙሴ ግን ቀምሶ "ወጣትነቱ ክፉ የሆነ ነው እርጅናን የሚችለው" አለና አሥራ ሁለት ጠርሙስ ሞልቶ ለኦቦ ድሪባ ሰጣቸው። "ሥራ ስታቆም ጠጣው፣ ወገብህን ሲያምህ" አላቸው። ከዛ ያቺ ማሳ በልማት ተወሰደች፤ መጋዘን ተሠራባት፣ ሲሚንቶ ፈሰሰባት። ካሳ የተባለው መጣና አለቀ። አባትየው ሞቱ። ጠርሙሶቹም በሠርግ በለቅሶ እያለቁ አንዷ ቀረች። ከዛች መሬት በዓለም ላይ የቀረው ነገር ያቺ ጠርሙስ ብቻ ነበረች። እኔም ከሠላሳ ዘጠኝ ሌሎች ጋር ቀላቀልኳት።

ገዢዎቹ መጡ። የምትከፈተው ከሠላሳ ዘጠኙ ትሁን ያቺ አንዷ ማን ያውቃል፣ ኦቦ ድሪባ "ዛሬ ወይኑ አመመው" ብለው አርባውንም አላስነኩም። አንድ ሌላ አስቀመሷቸው፣ አልወደዱም፣ ሄዱ። ወይዘሮ አልማዝ "ማነው ያጠበው?" ሲሉ ኦቦ ድሪባ "እኔ ነኝ ያሳጠብኩት" አሉ። እስካሁን ይሄ ነገር አይገባኝም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ራሴን ነበር የምከሰው? በፍፁም፣ ዘበኛውን ነበር።

አላባረሩኝም። "አተላው እስኪተኛ ወራት ነው፤ አንተም አብረህ ተኛ" አሉኝና ሥራ አስተማሩኝ። ሦስት ዓመት። እዚህ ጋ ትንሽ ልኩራ፣ ምክንያቱም አሁን የምነግራችሁን ባጃጅ ተራ ላይ ማንም አያውቀውም። ያረጀ ወይን ልትጠጡ ከሆነ ሁለት ቀን ቀድማችሁ አቁሙት፣ አተላው ወደ ታች ይውረድ። ቡሹ እንደ ሻገተ ዳቦ ነው፣ ሱታ! ከዛ ጧፍ አብሩ። አዎ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጧፍ። ከጠርሙሱ አንገት ኋላ ያዙትና በቀስታ ወደ ማንቆርቆሪያው ቅዱት፤ ብርሃኑ ውስጥ ጥቁር ክር መጥቶ አንገቱ ጋ ሲደርስ፣ እጃችሁን አቁሙ። የቀረው ለዛፍ ነው። ደግሞ አታስቆዩት፣ ሽማግሌ ነው፣ ንፋስ ይመታዋል።

መጀመሪያ ያስቀመሱኝ ቀን ደነገጥኩ። ከሌላ መደርደሪያ ነው፣ የሠርግ ትርፍ። ቀይ ሲባል ቀይ መስሎኝ፣ ዳር ዳሩ የሸክላ ቀለም ነው። አሸተትኩ፦ እርጥብ ቅጠል፣ አሮጌ ኮርቻ። ጠጣሁ።

"ኦቦ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ተበላሽቷል።"

"ጠብቅ።"

"ስኳር የለውም እኮ!"

"አፍህን ዝጋና ጠብቅ።"

አፌን መዝጋት ለኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናንተ አሁን ገብቷችኋል። ዘጋሁ። ከዋጥኩት ቆይቷል፣ ግን አልሄደም። ምላሴ ላይ አንድ ነገር ተነሳ፣ የደረቀ ፍሬ ዓይነት፤ ከዛ ሌላ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል እንደሚሸተው አፈር። ከዛ ጎምዛዛዋ መጣች፣ ግን ጥርስ አትነክስም፣ ትዳስሳለች። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የሞተው አያቴ ትዝ አለኝ። "ይሄ መጠጥ ነው ወይስ ምንድነው?" አልኩ። ኦቦ ድሪባ ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ።

አርባዎቹን ግን አንከፍትም፤ የወይዘሮዋ ንብረት ናቸዋ። ኦቦ ድሪባ በጧፍ እያዩ፣ ቀለሙን፣ አንገቱ ላይ የጎደለውን እየለኩ፣ በዓመት በዓመት ይቀንሱ ነበር። ከአርባ አሥራ አንድ አደረሱ። ከአሥራ አንድ አምስት። ጡረታቸው ሲቃረብ ሁለት ቀሩ። ከሁለቱ ግን አልለይ አላቸው። እኔ እያንዳንዷን ምሽት ግራዋዬን እየረገምኩ ነበር የምተኛው።

ከዛ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ።

ምን ልበላችሁ። ሬዲዮው አንድ ነገር ይላል፣ ባጃጅ ተራ ሌላ፣ እናቴ ሌላ፣ አባቴ ሌላ። አዲስ አበባ ሰፍታ ልትውጠን ነው ተባለ፤ ገበሬው መሬቱን ሊያጣ ነው ተባለ። ተማሪ ተሰለፈ፣ ወታደር መጣ፣ የጂማ መንገድ ላይ ጎማ ነደደ። ሰው ሞተ። በእናቴ በኩል ተቆጣሁ፣ በአባቴ በኩል ፈራሁ፣ ሁለቱም አንድ ሆድ ውስጥ። አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤት "አንተ ከማን ጋር ነህ?" አለኝ፤ "ከምድር ቤቱ ጋር" አልኩት። ቀልድ ነበር፣ እሱ ግን አልሳቀም። ያኔ ነው ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ። የገባኝም እሱ ብቻ ነው።

የኦቦ ድሪባ ልጅ ለሚ ከሰልፈኞቹ ፊት ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ዝምታው የአባቱ፣ ንዴቱ የራሱ። ስለዛች የወንዝ ዳር ማሳ ሲሰማ ያደገ፣ ያላያት ልጅ ነው። ወይን ጠጅ ቤቱንም አይወደውም፤ "አባ የፈረንጅ ጠርሙስ እያሳደሩ የኛ መሬት ተወሰደ" ይል ነበር።

አንድ ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ ወይዘሮ አልማዝ ደወሉ። መንገድ ተዘግቷል፣ መምጣት አልቻሉም። ስልኩን ኦቦ ድሪባ ያዙት፣ እኔ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ድሪባ፣ ሰው ወደናንተ እየመጣ ነው አሉኝ። ግቢውን ጥላችሁ ውጡ።"

"ወይኑስ?"

"ወይኑ ምን ያደርግልኛል? የራስህን ያዝና ውጣ።"

ስልኩን ዘጉና ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ተከትዬ ወረድኩ። "ኦቦ፣ እንውጣ እንጂ!" ሁለቱን ጠርሙሶች ጠረጴዛ ላይ አቁመዋል፤ ለካ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቆመው ነበር። ገምተውታል ማለት ነው። ጧፉን አበሩ። ከግራዋ ጠርሙስ ኋላ ያዙት፣ ከቀኟ ኋላ ያዙት።

"ሁለቱንም ይዘን እንሩጥ" አልኩ።

"ብንሮጥ ሁለቱም ይታወካሉ፤ ውጪ ደግሞ ጠርሙስ የያዘን ሰው ምን ብለው እንደሚያዩት አስብ።" ከዛ ዞረው አዩኝ። "አንተ ነህ ያጠብካቸው። አንተ ምረጥ።"

ጎበዞች፣ እኔ በሕይወቴ "አላውቅም" ብዬ አላውቅም። መንገድ ስጠየቅ እንኳን ያልሄድኩበትን እጠቁማለሁ። ያን ቀን ግን ዞሬ ጠርሙሶቹን ጠየቅኩ። ሁለቱንም በእጄ ዳሰስኩ። ጠርሙስ አውቃለሁ ባይ እኔ፣ ምንም አልነገሩኝም። "ግራዋ" አልኩ። ለምን ግራ? እንጃ። ወደ እጄ ቅርብ ስለነበረች ይሆናል።

ከፈቱ። ቡሹ ግማሹ ላይ ተሰበረ፤ ሱታ ሱታ እያሉ ቀሪውን አወጡት። ከውጪ ጩኸት ይሰማል። እሳቸው ጧፉን እኔን አስይዘው ቀዱ፤ ጥቁሩ ክር አንገቱ ጋ ሲደርስ አቆሙ፣ ጠብታ አልሳቱም። ትንሽ ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የጧፉ ሰም ጣቴ ላይ እየፈሰሰ ፊታቸውን አያለሁ።

"እሷ ነች" አሉ።

ለኔ ቀዱልኝ። ያን ጊዜ ነው በላይኛው በር ለሚ የገባው። በአጥሩ ዘሎ ነው፣ ሸሚዙ ተቀዷል።

"አባ! ይነሱ! ልጆቹ መጋዘኑን ጨርሰው ወደዚህ እየመጡ ነው። ሠራተኛ ይሁን ባለቤት የሚለይ የለም!"

"ታኢ" አሉት። ቁጭ በል።

"ሰው እየወደቀ ወይን ይጠጣል? አባ ያሳፍራል!"

"ታኢ አልኩህ።" የራሳቸውን ብርጭቆ ሰጡት። "ዱጊ።"

ለሚ ጠጣ፣ ለመገላገል ያህል፣ በአንዴ ግማሹን። "ሱታ!" አሉት። "ምን እየጠጣህ እንደሆነ ታውቃለህ? ላፋ አካካዩ ኬቲ። የአያትህ መሬት ናት። የወንዙ ዳሯ። ከሷ የቀረችው ይቺው ነች።"

ለሚ ቆመ። ብርጭቆውን አየው፣ አሸተተው። የቀረውን አፉ ውስጥ አደረገና ለረጅም ጊዜ አልዋጠውም። እኔ ለመተንፈስ ፈራሁ፤ ምክንያቱም እሱ የማያውቀውን እኔ አውቃለሁ። ምናልባት የአያቱ መሬት አይደለችም። ምናልባት የማንም ናት። እኔ ግራ ስላልኩ ብቻ ነው የተከፈተችው።

ዋጠና "ድንጋይ ድንጋይ ትላለች" አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

"ድንጋያማ ነበረች" አሉ አባቱ።

እኔም ጠጣሁ። በኦሞ የማይጠራ ሕሊና ይዤ ነው የጠጣሁት፤ ግን እውነቴን ነው፣ ከጠጣሁት ሁሉ እንደዛ ያለ የለም። ቀስ ብሎ ይከፈታል። መጀመሪያ ጭስ፣ ከዛ የደረቀ ፍሬ፣ መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛ የወንዝ ድንጋይ፣ ልክ ልጅ ሆናችሁ አፋችሁ ውስጥ እንደምትጨምሩት። ወይስ ለሚ ድንጋይ ስላለ ነው ድንጋይ የቀመስኩት? ይሄም አይገባኝም። ሦስታችንም ጨርሰን፣ ኦቦ ድሪባ ኮፍያቸውን አድርገው ለመደርደሪያው "ነገያ" አሉ፣ ደህና ሁኑ። በኋላው በር ወጣን። ለሚ አባቱን በክንዳቸው ይዟቸው ነበር፣ ወደ ሰልፉም አልተመለሰም፣ ያን ቀን።

ግቢው ነደደ። ከላይ ያለው ቤት ሁሉ። ከሳምንት በኋላ ስንገባ ምድር ቤቱ አልተቃጠለም፣ ግን እንደ ምድጃ ግሎ ነበር። ሠላሳ ዘጠኙም ቡሻቸው ወጥቶ፣ ወይኑ ተቀቅሎ ፈሷል። ያቺ የቀኟም። ስለዚህ ከማን ጋር ላወዳድር? ማረጋገጫው ሁሉ አፈር ገባ። ኦቦ ድሪባ ጡረታቸውን ከወረቀቱ አንድ ወር ቀድመው ወጡ። እኔም በዛው ወጣሁ።

ባለፈው ሰሞን አለም ገና ጋ አገኘኋቸውና በባጃጄ ጫንኳቸው። ጎብጠዋል፣ ኮፍያዋ ያችው ነች። ለሚ መስኖ ጀምሯል አሉኝ፣ ጎመን ይተክላል፣ የኪራይ መሬት ላይ። ወንዙ ጋ ስንደርስ አልቻልኩም።

"ኦቦ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያቺ ነበረች?"

መንገዱ ጎርበጥባጣ ነው፣ ባጃጇ ትዘላለች። "ሱታ" አሉኝ። ፍጥነቴን ቀነስኩ።

"ኦቦ፣ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ እኮ።"

"አንተ ምን ቀመስክ?"

"ድንጋይ።"

"እና እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?"

ቤታቸው ጋ ሲወርዱ ባጃጇን ዞረው አዩአት። ዝናቡ ጭቃ አልብሷታል፣ የኋላ መስታወቷ አቧራ ብቻ ነው። "አታጥባትም እንዴ?" አሉ።

"ማጠብ ካቆምኩ ቆየሁ።"

ሳቁ። ሁለተኛ ጊዜ ነው በሕይወቴ ሲስቁ ያየኋቸው። ሂሳብ ሊሰጡኝ እጃቸውን ወደ ኪስ ሲሰዱ ነዳሁ። ተራ ላይ ደርሼ ስወርድ ነው ያየሁት፤ የኋላው መስታወት አቧራ ላይ በጣት ሦስት ጭረት ተጭሯል፣ ከጎኑ አንድ ነጥብ። ያቺው ነበረች ማለታቸው ይሁን፣ ወይ አንተም የኔ ነህ ማለታቸው ይሁን፣ ወይ ባጃጇን በዚሁ ጎኗ አስቀምጣት ማለታቸው ይሁን፣ አላውቅም።

ተራ አስከባሪው በየቀኑ "ይቺን ቆሻሻ እጠብ!" ይለኛል። አላጠብኳትም።